ልጅ ማታ ማታ ሲያንኮራፋ፦ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥና ሕክምናው

ብዙ ወላጅ ልጁ ሲያንኮራፋ «ደክሞት ነው፣ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው» ብሎ ያልፋል። ጉንፋን ይዞት ለጥቂት ቀን ከሆነ አያስጨንቅም። በየሌሊቱ ከሆነ ግን ጠጋ ብላችሁ ስሙት፦ ያንኮራፋል፣ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ደረቱ አየር ለመሳብ ይታገላል፣ ከዚያ ባነን ብሎ በኃይል ይተነፍሳል። አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይተኛል። ላብ ያጠምቀዋል፤ አልጋ ላይ መሽናት ያቆመ ልጅም እንደገና ሊጀምር ይችላል።

የትንፋሹ መቆራረጥ ዋናው ምክንያት የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው የአዴኖይድ መተለቅ ነው፤ ለዚህም ነው ከ2 እስከ 8 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚበዛው። ውፍረትና ዳውን ሲንድረምም ያጋልጣሉ። አዋቂ ቢሆን ቀን ያንቀላፋል፤ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ ትምህርት አልገባ ይለዋል፣ ከዚያ «አስቸጋሪ» ተብሎ ይቀጣል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

የሚያረጋግጠው ሌሊቱን ሙሉ የሚደረግ የእንቅልፍ ምርመራ ነው። ይህ በማይገኝበት ቦታ ልጁ ሲተኛ በስልክ ቀርጻችሁ ለከአንገት በላይ ሐኪም አሳዩት፣ ብዙ ይረዳዋል።

የመጀመሪያው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ቶንሲሉንና አዴኖይዱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 464 ልጆች ተሳትፈው ነበር፤ ከ7 ወር በኋላ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 79 በመቶ፣ በክትትል ብቻ ከቆዩት ደግሞ 46 በመቶ የእንቅልፍ ምርመራቸው ተስተካክሏል። ስለዚህ ችግሩ ቀላል ከሆነ ሐኪሙ «እንጠብቅ» ወይም የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ እንሞክር ቢል ቸልተኝነት አይደለም። እኛ ጋ የተለመደው እንጥል ማስቆረጥ ግን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር ቶንሲሉን አይነካውም፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፈሳሽ በደንብ ይጠጣ። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ለሕመሙ ኮዴይን አይሰጠው፣ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ደም ከታየ፣ ከሳምንት በኋላም ቢሆን፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ወፍራም በሆኑና ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ላይ ችግሩ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሊቀር ስለሚችል ምርመራው ይደገማል። ያኔ በጭምብል አየር የሚገፋው ሲፓፕ ይታዘዛል፤ ልጁ ሲያድግ ፊቱም ስለሚለወጥ ጭምብሉ በየጊዜው እንደገና ይለካል።