ዘ ካርስ፦ ከሸክላው ቀድሞ አየር ላይ የዋለ ባንድ

ዘ ካርስ እ.ኤ.አ. በ1976 መጨረሻ በአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ የተመሠረተ የኒው ዌቭ (ፐንክን ተከትሎ የመጣ፣ ሲንተሳይዘር የተባለው የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ጎልቶ የሚሰማበት የሮክ ዘይቤ) ባንድ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባላቱ አምስት ነበሩ፤ የዘፈኖቹ ደራሲ፣ ድምፃዊና ጊታር ተጫዋች ሪክ ኦኬሴክ፣ ድምፃዊና ቤዝ ጊታር ተጫዋች ቤንጃሚን ኦር፣ መሪ ጊታሩን የሚጫወተው ኤልዮት ኢስተን፣ በኪቦርድ ግሬግ ሆክስ፣ በድራም ደግሞ ዴቪድ ሮቢንሰን። ለባንዱ ስም ያወጣለት ሮቢንሰን ነው።

የባንዱን ስም ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ ድምፁን ሳይሰማው አልቀረም። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (ጁላይ 13 ቀን 1985) በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ፣ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ሰለባዎች በግዙፍ ስክሪን ሲታዩ ከምሥሉ ሥር ይሰማ የነበረው ዘፈን የዚህ ባንድ «ድራይቭ» ነበር። የሚዘፍነው ኦር ነው። ባንዱ ራሱ በዚያው ዕለት ባሕር ማዶ፣ ፊላደልፊያ ላይ ይጫወት ነበር። ያን ጊዜ ዓለም ያወቃቸው ሰዎች ሆነዋል። ከስምንት ዓመት በፊት ግን እጃቸው ላይ የነበረው አንድ የሙከራ ቅጂ ብቻ ነው።

ኦኬሴክና ኦር የተዋወቁት በኦሃዮ ግዛት ነው። አብረው ከሞከሯቸው ባንዶች አንዱ ሚልክውድ ሲሆን በ1973 ለስለስ ያለ የፎክ አልበም አሳትሞ ሰሚ አጣ። ሆክስ በዚያ አልበም ላይ ሳክስፎን ነፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ካፕን ስዊንግ የተባለው ባንድ መጣ፤ ኢስተንም ተቀላቀለ። ይህኛውም ቢሆን ውል አላገኘም። ኦኬሴክ ባንዱን በትኖ እንደገና አዋቀረው፤ ቀድሞ መዝፈን ብቻ ሥራው የነበረው ኦር ቤዝ ጊታሩን ያዘ፣ ሮቢንሰን ለድራሙ መጣ፣ ሆክስም ተመለሰ። አዲሱ ባንድ የመጀመሪያ ዝግጅቱን ያቀረበው ዲሴምበር 31 ቀን 1976 በኒው ሃምፕሸር በሚገኘው የፒዝ አየር ኃይል ሰፈር ውስጥ ነው። አንድ የሮክ ባንድ የሚጀምርበት ቦታ አይመስልም፤ እነርሱ ግን ጀመሩበት።

በ1977 መጀመሪያ ዘጠኝ ዘፈኖችን የያዘ የሙከራ ቅጂ ሠሩ። እንዲህ ያለው ቅጂ እንደ ወትሮው ቢሆን መንገዱ አጭር ነው፦ ወደ ሸክላ ኩባንያዎች ይላካል፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ አቧራ ይጠጣል። ይህኛው ግን በሌላ በር ገባ። በቦስተን 104.1 ላይ ይተላለፍ የነበረው ደብሊው ቢ ሲ ኤን ከ1968 ጀምሮ ሮክ የሚያሰማ የኤፍ ኤም ጣቢያ ነበር፤ አቅራቢዎቹም የሚያሰሙትን ሙዚቃ በራሳቸው ጆሮ የመምረጥ ሰፊ ነፃነት ነበራቸው። ከእነርሱ አንዷ ማክሳን ሳርቶሪ ናት። ቀደም ሲል የሮክ ባንዱን ኤሮስሚዝን ገና ሰው ሳያውቃቸው ደጋግማ ያሰማች፣ ካፕን ስዊንግንም የምታውቅ ሴት ነበረች። የዘ ካርስ ቅጂ ሲደርሳት ሸክላ እስኪታተም አልጠበቀችም። በማርች 1977 «ጀስት ዋት አይ ኒድድ» የተሰኘውን ዘፈን ከቴፑ ላይ በቀጥታ አሰማች። ተፎካካሪው ደብሊው ሲ ኦ ዜድም ተከተለ። አድማጩ እየደወለ ድገሙልን ይል ጀመር፤ ዘፈኑ በከተማዋ እጅግ ከሚጠየቁት አንዱ ሆነ። ሱቅ ሄዶ ሊገዛው የፈለገ ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የሚሸጥ ነገር የለማ!

ኩባንያዎቹ ተራቸውን ጠብቀው መጡ። ከፈላጊዎቹ መካከል አሪስታና ኤሌክትራ ነበሩ። ባንዱ ኤሌክትራን የመረጠው በተንኮል ሳይሆን በስሌት ነው፤ አሪስታ የኒው ዌቭ ሙዚቀኞች ስለበዙበት እዚያ ከብዙዎች አንዱ ከመሆን፣ ብዙም ባልነበሩበት ቤት ጎልቶ መታየት ይሻላል ብሎ ነበር። ውሉ በ1977 ማብቂያ ተፈረመ።

አልበሙ የተቀረጸው በ1978 ለንደን ውስጥ በኤር ስቱዲዮ ነው። ፕሮዲዩሰሩ የእንግሊዙን ባንድ የኩዊንን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የሠራው ሮይ ቶማስ ቤከር ነበር። ቀረጻውና ቅንብሩ ተደምሮ የወሰደው ሃያ አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህ ፍጥነት የቤከር ብቻ አይደለም፤ ዘፈኖቹ ቦስተን ውስጥ በመድረክና በሙከራ ቅጂ ተፈትነው ያለቁ ስለነበሩ ነው። ቤከር የጨመረው ድምፅን በድምፅ ላይ መደራረብ ነው፤ ጥቂት ሰዎች የዘፈኑት ዝማሬ የመዘምራን ጓድ እስኪመስል ድረስ። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የሰማ ልዩነቱ አይጠፋውም። የለንደኑ ያብረቀርቃል፤ የቦስተኑ ደረቅ ነው፣ ግን ጊታሩና ሲንተሳይዘሩ ሲነጋገሩ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። ለእኔ ጆሮ ደረቁ ይጥመኛል።

አልበሙ በጁን 1978 ወጣ። በአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ከ18ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም፤ ነገር ግን 139 ሳምንታት ከሰንጠረዡ ሳይጠፋ ቆየ።

በወሩ ደግሞ ሬዲዮ እንደገና ይመጣል፣ አሁን በሌላ ከተማ። ጁላይ 18 ቀን 1978 ባንዱ በክሊቭላንድ አጎራ አዳራሽ ያቀረበውን ዝግጅት ደብሊው ኤም ኤም ኤስ የተባለው ጣቢያ ለአድማጮቹ አስተላለፈው። ክሊቭላንድ ለኦር አገሩ ናት፤ ገና ጎረምሳ ሳለ ግራስሆፐርስ ከተባለ ባንድ ጋር በከተማዋ ቴሌቪዥን ይታይ ነበር። በአጎራው ቅጂ ላይ የቤከር ድርብርብ ዝማሬ የለም፤ መድረክ ላይ ያለው አፍ ብቻ ነው የሚዘምረው። ባንዱ በመድረክ ላይ እንደ ሐውልት ቆሞ ይጫወታል እየተባለ ይታማ ነበር፤ በሬዲዮ ግን ይህ ሐሜት ቦታ የለውም። የሚሰማው አጨዋወቱ ብቻ ነው፣ እርሱም ቁጥብና የተስተካከለ ነው። በዚያ ምሽት «ናይት ስፖትስ»ንም ተጫውተዋል፤ ይህ ዘፈን በአልበም የወጣው በ1979 በሁለተኛው ሥራቸው «ካንዲ ኦ» ላይ ነው። ስለዚህ የዚያን ሌሊት አድማጭ፣ ልክ እንደ ቦስተኑ፣ ያልታተመ ዘፈን በቤቱ ቁጭ ብሎ ሰማ።

የሙከራ ቅጂዎቹ በይፋ ለገበያ የቀረቡት በ1999 ከመጀመሪያው አልበም ልዩ እትም ጋር ነው። የአጎራው ስርጭት ሸክላ ሆኖ የታተመው ደግሞ በኤፕሪል 2017 ነው። ኦር በ2000 አርፎ ነበር፤ ኦኬሴክ እስከ 2019 ኖሯል።