ብራዘርስ ኢን አርምስ (የዳየር ስትሬትስ አልበም)

«ብራዘርስ ኢን አርምስ» የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ዳየር ስትሬትስ አምስተኛ የስቱዲዮ አልበም ሲሆን በሜይ 1985 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዘጠኝ ዘፈኖች አሉት። ሁሉንም የደረሰው ድምፃዊውና ጊታሪስቱ ማርክ ኖፍለር ነው፤ «መኒ ፎር ናቲንግ» ላይ ብቻ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ስቲንግ በደራሲነት አብሮ ተመዝግቧል። ባንዱ በ1977 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ተመሥርቶ ከዚህ በፊት አራት አልበሞችን አውጥቷል።

ቀረጻው በ1984 መገባደጃ የተጀመረው በካሪቢያኗ ደሴት በሞንትሰራት፣ የቢትልስ ፕሮዲዩሰር ጆርጅ ማርቲን በከፈተው ኤር ስቱዲዮ ነው፤ የተጠናቀቀው ኒውዮርክ ነው። ፕሮዲዩሰሮቹ ኖፍለርና የድምፅ መሐንዲሱ ኒል ዶርፍስማን ናቸው። ዘፈኖቹ አስቀድመው ተጽፈው፣ ባንዱም ተለማምዷቸው ስለነበር ደሴቲቱ ላይ የቀረው ዋና ሥራ ትክክለኛውን ድምፅ ማግኘት ነበር። የተቀረጹት በሶኒ ባለ 24 ትራክ ዲጂታል መቅረጫ ነው። ዲጂታል ቀረጻ ከመቅረጫው ክር (ቴፕ) የሚመጣው የ«ሽሽ» ድምፅ የለበትም፤ ክሩ እንከን ካለበት ግን ምሕረት አያውቅም። አናሎግ ላይ የተበላሸ ክር ድምፁን ቢያደክመውም ይሰማል። ዲጂታል ላይ የጠፋው መረጃ ማሽኑ ሊያርመው ከሚችለው በላይ ከሆነ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ወይም ጭራሹን ይጠፋል። በዚህ ቀረጻም አንድ እሽግ ክር ብልሹ ሆኖ የሦስት ዘፈን ድካም ውሃ በልቶታል።

የ«መኒ ፎር ናቲንግ» ጊታር በሮክ ታሪክ ውስጥ ወዲያው ከሚለዩ ድምፆች አንዱ ነው። ጊታሩ ጊብሰን ሌስ ፖል ነው፤ አምፕሊፋየሩን አንዳንዶች ሌኒ፣ ሌሎች ማርሻል ይሉታል። የማያጠራጥረው የማይክሮፎኖቹ ነገር ነው። ገና ሳይስተካከሉ፣ አንዱ ወደ ወለሉ ዞሮ፣ ሌላው ከስፒከሩ ገለል ብሎ ሳለ የሚወጣውን ድምፅ የሰማው ዶርፍስማን ማንም እንዳይነካቸው አደረገ። ሁለት ማይክሮፎኖች አንድን ድምፅ ከተለያየ ርቀት ሲቀበሉ በመካከላቸው የጊዜ ልዩነት ስለሚኖር አንዳንዱ ድምፀት ይጠፋፋል፣ ሌላው ይጎላል፤ በአፍንጫ የሚወጣ የሚመስለው ለዛ የዚህ ውጤት ነው። በኋላ ርቀቱን ለክተው ቢሞክሩትም ያው ድምፅ እንዳልተገኘ ይነገራል። ሊደግመው የሚፈልግ ጊታሪስት ዋህ ፔዳሉን (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ ቃና የሚለዋውጠውን መሣሪያ) ግማሽ ድረስ ረግጦ እዚያው ቢይዘው ይቀርበዋል። ፒክ (የጊታር መምቻ) ግን መጣል አለበት፤ ኖፍለር የሚጫወተው በአውራ ጣቱ፣ በጠቋሚውና በመሐል ጣቱ ስለሆነ የጊታሩ ክር ተስቦ ሲለቀቅ የሚሰማው ምት በፒክ አይመጣም።

ከበሮውን በሚመለከት አስተያየት ይለያያል። የባንዱ ከበሮ መቺ ቴሪ ዊሊያምስ ነበር፤ አብዛኛውን ግን ኦማር ሀኪም በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና መትቶታል። የ«መኒ ፎር ናቲንግ» መግቢያ ላይ እየጋመ የሚመጣው ምት የዊሊያምስ ሳይሆን አይቀርም። «ዩር ሌተስት ትሪክ» ላይ ወንድማማቾቹ ራንዲና ማይክል ብሬከር ትራምፔትና ሳክስፎን ተጫውተዋል። ሽፋኑ ላይ የሚታየው የብረት አካል ያለው ናሽናል ጊታር የኖፍለር ነው፤ በ1937 የተሠራ ነው።

አልበሙ በእንግሊዝ በድምሩ 14 ሳምንት፣ በአሜሪካ 9 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። በሲዲ ብቻ አንድ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ የመጀመሪያው አልበም ነው፤ አዲሱን ሲዲ ለማስተዋወቅ ፊሊፕስ የባንዱን የዓለም ዙር ጉዞ ስፖንሰር አድርጓል። በጁላይ 13 ቀን 1985 በዌምብሌይ ስታዲየም በተካሄደው፣ በአገራችን የ77ቱ ረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ገንዘብ ባሰባሰበው ላይቭ ኤይድ፣ ባንዱ ከስቲንግ ጋር «መኒ ፎር ናቲንግ»ን ተጫወተ። በዚያው ምሽት አጠገቡ ባለው ዌምብሌይ አሪና የራሳቸው ኮንሰርት ስለነበራቸው ከመድረክ ወርደው ወደዚያ አለፉ።

ሸክላ የሚገዛ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዘፈኖች ሙሉ ርዝመት 33 ደቂቃ ያህል ነው፤ ያንን በአንድ ገጽ ለማስገባት ጎድጎዶቹ እጅግ መጥበብ፣ ድምፁም መቀነስ ነበረበት። ስለዚህ የ1985ቱ ሸክላ ላይ ከአምስቱ አራቱ ተቆርጠው ገጹ 25 ደቂቃ ያህል ሆነ፤ ያልተነካው «ዎክ ኦቭ ላይፍ» ብቻ ነው። ክፉኛ የተጎዳው «ዋይ ወሪ» ነው፤ ከ8 ደቂቃ ተኩል ወደ 5 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ወርዷል። የ«ዩር ሌተስት ትሪክ» የትራምፔት መግቢያም ተቆርጧል። ሁለተኛው ገጽ 22 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ መቁረጥ አላስፈለገውም። ሙሉውን መስማት የሚሻ ሲዲውን፣ ወይም ኋላ የታተሙትን ባለ ሁለት ሸክላ እትሞች ይፈልግ።