ኔሮሊ ምንድን ነው?

ሽቶ ቤት ገብታችሁ «ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ግን አበባም ያለው» ስትሉ ከሚወጣላችሁ ጠርሙስ ጀርባ ብዙ ጊዜ ኔሮሊ አለ። ኔሮሊ ከመራራ ብርቱካን አበባ የሚወጣ ዘይት ነው። የዛፉ ፍሬ እንደምንበላው ብርቱካን አይጣፍጥም፤ ይመራል፣ ይኮመጥጣል። አበባው ግን ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ግቢውን ሁሉ የሚያውድ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰበታ ወይም ቡራዩ አካባቢ በግቢው የዚሁ ዛፍ ዘመድ የሆነውን ሎሚ የተከለ ሰው አይጠፋም። ዛፉ ሲያብብ አስፈቅዳችሁ ጠጋ በሉ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል በጣታችሁ አሸት አድርጉ። መረር ያለ፣ አረንጓዴ አረንጓዴ የሚል ሽታ አለው። ቀጥሎ የፍሬውን ልጣጭ በጥፍር ጫር አድርጉት። ዘይቱ ብን ብሎ ይወጣል፣ አፍንጫን ቆንጠጥ ያደርጋል። በመጨረሻ አበባውን ሳትቀጥፉ አሽትቱ። ለስላሳ ነው፣ ማር ማር ይላል፣ ከሥሩ ግን ሎሚነቱ አልጠፋም። ሽቶ ቀማሚዎችም ከመራራ ብርቱካን ሦስቱንም ለየብቻ ያወጣሉ። ከቅጠሉና ከቀንበጡ ፐቲግሬን፣ ከልጣጩ የብርቱካን ዘይት፣ ከአበባው ደግሞ ኔሮሊ ይገኛል። ለእኔ «በአትክልት ስፍራ መንፈስ የተሠራ» የሚባል ሽቶ እውነት የሚሆነው እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ነው። አበባ ብቻውን ከሆነ የአበባ መሸጫ እንጂ የጓሮ ሽታ የለውም።

ዋና አምራቾቹ ቱኒዚያና ሞሮኮ ናቸው። በቱኒዚያ ናቡል የምትባለው ከተማ በዚህ ትታወቃለች። በፀደይ ወራት ከዛፉ ሥር ጨርቅ ይነጠፋል፣ አበባው በእጅ ይለቀማል፣ ሳይጠወልግም ወደ ማንጠሪያው ይገባል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋበትም። እንፋሎቱ በአበባው ውስጥ ያልፋል፣ ሽታውን ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው በላይ ይሰፍራል። ከ10 ኩንታል አበባ የሚገኘው ዘይት 1 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ውድነቱ ከዚህ ይመጣል። ውሃውም አይደፋም፤ የብርቱካን አበባ ውሃ ተብሎ በሰሜን አፍሪካ ኬክና ጣፋጭ ውስጥ ይገባል።

ያው አበባ በእንፋሎት ፈንታ በኬሚካል ማሟሚያ ከወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ከበድ ያለ፣ ጣፋጭ፣ ሞቅ ያለ ሽታ ይሰጣል። ስለዚህ በማስታወቂያ «ኔሮሊ» እና «የብርቱካን አበባ» ተለይተው ቢጻፉ አትገረሙ።

ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1709 በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ ሥራ የጀመረው የፋሪና ሽቶ ቤት በሎሚና በብርቱካን ወገን ፍሬዎች ሽታ የታወቀውን የሽቶ ውሃ ለዓለም አስለመደ። ሽቶውን የቀመመው ጣሊያናዊው ዮሐን ማሪያ ፋሪና ሽታው ከዝናብ በኋላ ያለውን የአገሩን የፀደይ ማለዳና የብርቱካን አበባ እንደሚያስታውሰው ለወንድሙ ጽፎለት ነበር። ዛሬ ኮሎኝ የምንለው ሁሉ ስሙን ያገኘው ከዚያች ከተማ ነው።

ኔሮሊ «ነጭ አበባ» ከሚባለው የሽቶ ቤተሰብ ነው። ጃስሚንም እዚያው አለ። በእነዚህ አበቦች ውስጥ ኢንዶል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ብዙ ሆኖ ብቻውን ሲሸት ደስ አይልም፣ ጥቂት ሲሆን ግን ለአበባው ጥልቀት ይሰጠዋል። አንዳንዱ ሰው ነጭ አበባ ያለበት ሽቶ «ራሴን ያዞረኛል» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ኔሮሊ ከቤተሰቡ ቀለል ያለው ስለሆነ ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ። የራሳችንን ነጭ አበባ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ጠምበለልን ይፈልግ። የጃስሚን ወገን ሐረግ ነው፣ በደጋው ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል፣ የሚያብበው ነጭ ነው፣ መዓዛውም ግሩም ነው። እንዲህ ያለ አበባ ደጃችን እያለ የሽቶ ወሬ ሁሉ ስለ ሰው አገር አበባ መሆኑ ያስቆጨኛል።

ስትገዙ አትቸኩሉ። የልጣጭ ሽታ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይተናል። ሻጩ ነፋ አድርጎላችሁ «እንዴት ነው?» ሲል የምታሸቱት ሎሚውን ነው፤ አበባው የሚወጣው በኋላ ነው። እጃችሁ ላይ አስደርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ዞር ዞር በሉና ተመለሱ። ያኔ የቀረው ሽታ ነው ቀኑን አብሯችሁ የሚውለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኔሮሊ ራሱ ከፀሐይ ጋር ችግር የለበትም፤ ከሎሚና ቤርጋሞት ከሚባለው የሎሚ ዘመድ ልጣጭ ተጨምቆ የወጣ ዘይት ግን ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥልና ጠቆር ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። እኛ አዲስ አበባ ያለነው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምንኖረው፣ ፀሐዩ ይከረራል። ቤት ውስጥ በልጣጭ የቀመማችሁትን አንገታችሁ ላይ ቀብታችሁ በቀትር አትውጡ፤ ነጠላችሁ ጫፍ ላይ ጠብ አድርጉት።