ጃቫስክሪፕት፦ ለሐረር ጀማሪዎች አጠቃላይ ዳሰሳ

ጃቫስክሪፕት ድረ ገጾችን የሚያንቀሳቅስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ቁልፍ ሲነካ ዝርዝር የሚከፍተው፣ ፎርም ሲጎድል የሚያስጠነቅቀው በአብዛኛው እሱ ነው። ለመጀመር ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም የለም። ኮምፒውተር ላይ ክሮምን (ድረ ገጽ የምንከፍትበትን ብሮውዘር) ከፍቶ ኤፍ 12 (F12) የሚለውን ቁልፍ መንካት፣ ከዚያ ኮንሶል (Console) የሚለውን፣ ኮድ ጽፈን የምንሞክርበትን ቦታ፣ መምረጥ ይበቃል። ኔትወርክ ቢጠፋም ኮንሶሉ ይሠራል። ይህ ለሐረርም ለድሬዳዋም ተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ቋንቋውን የፈጠረው ብሬንዳን አይክ ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ.፣ በኔትስኬፕ ኩባንያ። የመጀመሪያው ቅጂ በ10 ቀን እንደተሠራ ይነገራል። በመጀመሪያ ሞካ፣ ቀጥሎ ላይቭስክሪፕት ይባል ነበር። በስም ቢመሳሰሉም፣ ጃቫ ከሚባለው ቋንቋ ግን የተለየ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያሠራው ኖድ ጄኤስ መጥቶ ሰርቨር (ድረ ገጾችን የሚያቀርብ ኮምፒውተር) ላይም በስፋት መሥራት ጀመረ።

መረጃ የሚቀመጠው በቫሪያብል፣ ማለትም ስም በተሰጠው ማስቀመጫ፣ ነው። የሚለወጠውን በ«ሌት» (let)፣ ዳግም የማይመደበውን በ«ኮንስት» (const) እናውጃለን፤ ሁለቱም በ2015 እ.ኤ.አ. የገቡ ናቸው። የድሮው «ቫር» (var) ዛሬም ይሠራል፣ ለጀማሪ ግን አይመከርም። ደስ የሚለው፣ የቫሪያብል ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። «ዋጋ» ብሎ ሰይሞ 50 መስጠት ምንም ስህተት አያመጣም። ስሙ ግን ክፍት ቦታ ሊኖረው፣ በቁጥርም ሊጀምር አይችልም።

ጀማሪን በብዛት የሚያደናግረው የዳታ ዓይነት (ጽሑፍ ነው ወይስ ቁጥር) ነው። በጥቅስ ውስጥ ያለ "5" ጽሑፍ ነው። በ+ 3 ሲደመርበት 8 ሳይሆን "53" ይሆናል። በ== ሲወዳደሩ "5" እና 5 እኩል ናቸው፤ በ=== ግን አይደሉም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ === መልመድ ይሻላል።

ብዙ ነገር በአንድ ስም ለመያዝ አሬይ የሚባል ዝርዝር አለ። የሐረርን ግንብ የጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች እንውሰድ፦ ["ሸዋ በር", "ቡዳ በር", "ሰንጋ በር", "ኤረር በር", "ፈላና በር"]። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ሸዋ በር 0፣ ፈላና በር 4 ቁጥር ላይ ይገኛሉ። ከጊዜ በኋላ የተከፈተው ሐረር በር በ«ፑሽ» (push) ይጨመራል፤ የአሬዩ ርዝመትም 6 ይሆናል። በሮቹን አንድ በአንድ ለማውጣት «ፎር» (for) ሉፕ፣ ሁኔታ ለመፈተሽ «ኢፍ» (if)፣ ሥራን ሰይሞ ደጋግሞ ለመጥራት ፋንክሽን እንጠቀማለን።

ቀንና ሰዓት በሚይዘው በ«ዴት» (Date) ውስጥ ወሮችም ከ0 ይቆጠራሉ፤ ጃንዋሪ 0 ነው። በዘመናዊ ብሮውዘሮች በዴት የተያዘን ቀን በእኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በአማርኛ የወር ስም ማሳየትም ይቻላል።