«ሐኪም ሆዱ አይባባም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በውስጥ ደዌ ክፍል ነው። ስለ ሐኪምና ታማሚ የሚባሉ አንዳንድ ነገሮችን ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ከታማሚም፣ ከእኛም አፍ። ጥቂቶቹን እኔም አምኜባቸው ነበር።

«ይሄ ሁሉ ወረፋ እያለ ማን ተቀምጦ ይሰማል?»

ይህን ያላለ የጤና ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። በር ላይ ስልሳ ሰው ተሰልፎ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ማለት ያስፈራል። ታማሚው ከአያቱ ሕመም ይጀምርብኛል ብለን እንሰጋለን። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ሐኪሞች በአማካይ በ18 ሰከንድ ታማሚውን እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሐኪሞች ታማሚው ራሱ እስኪጨርስ ዝም ብለው እንዲሰሙ ተደረገ። በአማካይ የፈጀው 92 ሰከንድ ነው። ከአሥሩ ስምንት የሚጠጉት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰዋል። እንግዲህ የምንሳሳላት ጊዜ አንድ ደቂቃ ከምናምን ናት።

መቀመጥም እንደዚያው ነው። ካንሳስ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ሲቀመጥ ታማሚዎቹ ብዙ የቆየ መሰላቸው። በሰዓት ሲለካ ግን ቆሞ ካነጋገራቸው አልበለጠም። የእኛ ችግር ወንበሩ ነው፤ ያለችውን አስታማሚ ይዟታል። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። የኢንፌክሽን መከላከል ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

«ማዘን ሌላ፣ ማከም ሌላ»

አንድ አባት ነበሩ። ስኳራቸው አልወርድ ብሎ መድኃኒት ተጨመረላቸው፤ እንደገና ተጨመረ። ካርዳቸው ላይ «መድኃኒት በአግባቡ አይወስዱም» የሚል ተጽፏል። አንድ ቀን «አባቴ፣ ጾሙን እንዴት ያዙት?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ክኒኑ ደግሞ ከምግብ ጋር ነው ብላችኋል። እንግዲህ...» ሁዳዴን ሙሉ የጠዋቱን ክኒን አልዋጡትም። ለምን አልነገሩንም ስላቸው «ትቆጡኛላችሁ ብዬ» አሉ። ባልተዋጠ መድኃኒት ላይ መድኃኒት ስንጨምር ከርመናል። ሐኪሙ ሰዓቱንም መጠኑንም አስተካከለላቸው።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ፊላደልፊያ ውስጥ በ891 የስኳር ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። የታማሚን ስሜት በመረዳት ከፍተኛ ነጥብ ያገኙ ሐኪሞች የሚከታተሏቸው ታማሚዎች፣ ስኳራቸውን ከሌሎቹ በተሻለ ተቆጣጥረውት ነበር።

«ለቤተሰብ ንገሩ እንጂ ለእሱ አትንገሩት»

ይሄኛው ከባድ ነው። መርዶ በሌሊት፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገርበት አገር ነው ያደግነው። ክፉ ወሬ ለብቻ አይሰማም። ስለዚህ ኮሪደር ላይ «ሲስተር፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ አባዬ ካንሰር መሆኑን እንዳይሰማ» የምትለኝን ልጅ አልፈርድባትም። ያቺው ልጅ በሄደች ማታ ግን አባትየው ጠሩኝ። «ልጆቼ ይሄን ነገር አልሰሙም አይደል? እንዳትነግሪያቸው አደራ።» ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም ለብቻቸው ያለቅሳሉ።

መፍትሔው ዘሎ መንገር ነው እያልኩ አይደለም። ያም ጭካኔ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ነው፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት ይሁን?» አንዳንዱ «ለልጄ ንገሯት፣ እሷ ታውቃለች» ይላል። እሱም መልስ ነው። ልዩነቱ ምርጫው ከራሱ አፍ መውጣቱ ላይ ነው።

«ሐኪም ሆዱ አይባባም»

እ.ኤ.አ. በ1889 ዊሊያም ኦስለር የተባለው ታዋቂ ሐኪም ለተመራቂዎች ንግግር ሲያደርግ መረጋጋትን ከሁሉ በላይ አወድሶ ነበር። ሐኪም ስሜት የለውም የሚሉ ሰዎች እሱን ይጠቅሳሉ። እዚያው ንግግር ላይ ልባችሁን ግን አታደንድኑ ማለቱን ይዘሉታል። እጅ ሳይንቀጠቀጥ መስፋት አንድ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ መጋረጃ ጀርባ ማልቀስ ሌላ ነው። ሁለቱንም የሚያደርጉ ጥሩ ሐኪሞች አይቻለሁ።

«ነርሶች ጨካኞች ናቸው»

እዚህ ላይ ጠበቃ ልሁን ብል ዓይን አውጣ እሆናለሁ። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ እንድንሆን ይወተውታል። ሥልጠናው ጥሩ ነው። ግን ሁለት ነርስ አራት አያደርግም። ሁለት ሆነን ሠላሳ ምናምን አልጋ ይዘን ያደርንበት አንድ ሌሊት ነበር። ሊነጋጋ ሲል አንዲት እናት ውሃ ጠየቁኝ። ጮህኩባቸው። ድካም ነው፤ ለእሳቸው ግን ምክንያቱ ምን ይፈይድላቸዋል?

ጠዋት ሥራ ካስረከብኩ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አፌን ከመክፈቴ በፊት «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም አልተኛሽም?» አሉኝ። እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።