ተመላላሽ ነው ወይስ አማካይ?

እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ኳስ በምናይበት ቤት ይህ ክርክር አያልቅም። «የቀኝ ተመላላሽ ብለውት መሃል ሜዳ ምን ይሠራል?» ጥያቄው ተገቢ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ ኳስ ሲይዝ ተመላላሹ፣ ማለትም በሜዳው ዳር መስመር የሚጫወተው ተከላካይ፣ መስመሩን ትቶ ወደ መሃል ይገባል። ኳስ ሲነጠቅ ወደ ቦታው ይመለሳል።

እንግሊዛዊውን የቀኝ ተመላላሽ ትሬንት አሌክሳንደር-አርኖልድን እንይ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2023 ሊቨርፑል ከአርሰናል 2 ለ 2 ሲለያይ፣ ቡድኑ ኳስ ሲይዝ ከአማካዩ ፋቢንሆ ጎን ይቆም ነበር። ከመስመር ዳር የሚያቀብል ሰው አንድ ጎኑ ዝግ ነው። መሃል ላይ ግን ግራም ቀኙም ክፍት ነው፤ እንደ እሱ ረጅም ኳስ ለሚያደርስ ልጅ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዋጋ አለው። ኳሱ በድንገት ከተነጠቀ የተወው መስመር ባዶ ነው፤ የመሃል ተከላካዩ ወጥቶ መሸፈን አለበት።

በዩሮ 2024 ግን እንግሊዝ ከሰርቢያና ከዴንማርክ ጋር ስትጫወት ከመጀመሪያው አማካይ አድርጋ አሰለፈችው። ያ ሌላ ሥራ ነው። ልዩነቱን ለማየት ኳስ ሲነጠቅ ወዴት እንደሚሮጥ ተመልከቱ፤ ወደ መስመሩ ከሮጠ ተመላላሽ ነው።

በጨዋታው ሕግ ከግብ ጠባቂ በቀር ለማንም የተለየ የጨዋታ ሚና አልተሰጠም። ይህ እርግጥ ነው። ወደ መሃል ማን ይግባ የሚለው ግን እንደ አሰልጣኙ ነው፤ አርሰናል ተመላላሹን ዚንቼንኮን ያስገባ የነበረው ከግራ ነው።