ራዳር ጉም አይፈራም፤ ፀጥ ያለ ባሕር ግን ያታልለዋል

«ጉም ሲወርድ ራዳር ይታወራል»

አይታወርም። የመርከብ ራዳሮች የሚሠሩት 3 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የሬዲዮ ሞገድ ልከው፣ ነገር ነክቶ የሚመለሰውን ማሚቶ በመቀበል ነው። የጉም ጠብታ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ቢሆን ነው፤ ለዚህ ሞገድ እንደሌለ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1956 ሌሊት ከአሜሪካዋ ናንተኬት ደሴት በስተደቡብ አንድሪያ ዶሪያና ስቶክሆልም የተባሉ መርከቦች ጉም በዋጠው ባሕር ላይ ተጋጭተው 51 ሰው ሞተ። ሁለቱም ቀድመው በራዳር ተያይተው ነበር። መሣሪያው አይቷል፤ የተሳሳተው ንባቡ ነው።

ራዳርን የሚያስቸግረው ዝናብ ነው። የጠብታ ውፍረት (ዲያሜትር) እጥፍ ሲሆን የሚመልሰው ማሚቶ 64 እጥፍ ያድጋል። ዶፍ ሲወርድ በባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ ስክሪን ላይ ዝናቡ እንደ ተነጠፈ ጥጥ ይታያል፤ ከኋላው ያለው መርከብ ይሸፈናል። ባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ ያን ያህል አይጎዳም። ትልልቅ መርከቦች ሁለቱንም የሚይዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«የሙቀት ካሜራ ጉምን ሰንጥቆ ያያል»

ይሄ የፊልም ጣጣ ነው። በጨለማ ማየቱስ እውነት ነው፤ ጨለማና ጉም ግን ለየቅል ናቸው። ካሜራው የሚያየው ኢንፍራሬድ (የሙቀት ጨረር) የሞገድ ርዝመቱ ከ3 እስከ 5 ወይም ከ8 እስከ 12 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺሕኛ) ስለሆነ ከጉም ጠብታ ጋር ይቀራረባል፤ ሲገናኙ ይበተናል። በስስ ጭጋግ ከዓይናችን ሊሻል ይችላል፣ በከባድ ጉም ግን ብዙም አይረዳም። ሰማዩ ጥርት ብሎም ቢሆን፣ ማለዳና ምሽት ላይ የመርከቡ ብረትና የውኃው ሙቀት የሚተካከሉበት ጊዜ አለ። ያኔ መርከቡ ከባሕሩ ጋር ይመሳሰልበታል።

«ሰማዩ ከጠራ፣ ነፋሱም ከተኛ ምን ሐሳብ አለ?»

እኔን የሚገርመኝ ይህኛው ነው። በተለመደው አየር የራዳር ጨረር ትንሽ ወደ ታች ስለሚጎብጥ ከዓይን አድማስ 6 በመቶ ገደማ አልፎ ያያል። ከበረሃ የመጣ ትኩስ ደረቅ አየር እርጥበት ባዘለው የባሕር አየር ላይ ሲተኛ ግን ጨረሩ በመካከል ተይዞ ቱቦ ውስጥ እንደገባ ውኃ ይጓዛል። ቀይ ባሕርና የፋርስ ባሕረ ሰላጤ በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ወደ ጅቡቲ ከሚመጣው የእኛ ዕቃም ከፊሉ የሚያልፈው በቀይ ባሕር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ የተተከለ ራዳር ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለውን የዓረብ ምድር አይቷል።

ጥሩ አይደል ታዲያ? አይደለም። ራዳር ርቀት የሚለካው አጭር የሞገድ ምት ልኮ ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ቆጥሮ ነው። ከሩቅ ዘግይቶ የመጣ ማሚቶ ቀጣዩ ምት ከተላከ በኋላ ይደርስና የዚያኛው መልስ ይመስላል። ስክሪኑ 15 ኪሎ ሜትር ላይ የባሕር ዳርቻ ይስላል፤ መኮንኑ በመስኮት ቢያይ፣ ቢያይ፣ ውኃ ብቻ። በአንጻሩ ከዚያ ቱቦ በላይ የሚበር አውሮፕላን ቅርብ ሆኖም ሊሰወር ይችላል። ንፋስ ተነስቶ አየሩን ሲያማስለው ነገሩ ይስተካከላል።

«ማዕበል ራዳርን ይከልላል»

ትንሽ ጀልባን ሊከልል ይችላል፤ ዋናው ችግር ግን ማዕበሉ ራሱ ማሚቶ መመለሱ ነው። በስክሪኑ መሐል፣ በተለይ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ የብርሃን ሽፍታ ይፈላል። ይህን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ አለ። ቀስ ብሎ እያየ ማዞር ሲገባው አንዴ ጥግ ድረስ ያዞረ መኮንን ስክሪኑ ወዲያው ይጠራለታል፤ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው የእንጨት ጀልባም አብራ ትጠፋለች።